የጋሼ ኳስ ቤት፣ ደሴ፦ የሩድን አራት ጨዋታዎች ያየሁበት ቤት

ደሴ የመጣ ጓደኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም። "ኳስ የት እንይ?" ይለኛል። ኳስ የሚያሳይ ቤት በከተማው ሞልቷል። ካፌው ያሳያል፣ ሆቴሉ ያሳያል፣ ግሮሰሪውም ያሳያል። እኔ ግን ሰው የምልከው አንድ ቤት ነው። ከፒያሳ ብዙም ሳትርቁ ቁልቁል የምትወርድ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ አለች። እሷን ይዛችሁ "የጋሼ ኳስ ቤት የት ነው?" ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ። በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለም። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ስለምንላቸው ቤቱም በእሳቸው ተጠርቶ ቀረ።

ስለዚህ ቤት ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስጀምረው ሁሌ ወደ አንድ ሰው ይወስደኛል፤ ወደ ሩድ ቫን ኒስተልሮይ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን ለአራት ጨዋታ ብቻ የያዘው ጊዜያዊ አሰልጣኝ ማለቴ ነው። አራቱንም ያየሁት እዚህ ቤት ነው። ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ በደንብ የገባኝም በእነዚያ 12 ቀናት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ነጣጥዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቤቱ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ውስጡ ግን ሰፊ ነው፤ ጠጋ ጠጋ ከተባለ መቶ ሰው ይይዛል። ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሁለት ጨዋታ በአንድ ሰዓት ከገጠመ ሁለቱም ይታያሉ፤ ድምፁ ግን የአንዱ ብቻ ነው። መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ጋሼ የሳተላይት ቴሌቪዥኑን፣ የዲኤስቲቪውን ክፍያ በየወሩ በጊዜው ይከፍላሉ፤ ጨዋታ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው "አልተከፈለም እኮ" የሚል ነገር እዚህ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ኳስ ቤት የሚያዘወትር ሰው ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቀዋል።

መግቢያው በሩድ ሰሞን 20 ብር ነበር። አሁን ጨምሯል፤ ያልጨመረ ነገር የለም። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ግን ዛሬም በግማሽ ነው የሚገባው። ባለቤታቸው እትዬ ጥግ ላይ ረከቦታቸውን ዘርግተው ቡና ያፈላሉ። "አቦል ጀባ" ሲሉ እጁን የማይዘረጋ የለም። ሻያቸው ዝንጅብል አለው፣ ቆሏቸው ሱፍ አለው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጋቢ ለብሰውም አይቻልም። ያን ሰሞን እትዬ የከሰል ምድጃውን ወደ መሐል ገፋ ያደርጉትና መስኮቱን ትንሽ ከፈት ይተዉታል። ዳር የተቀመጠው ከመሐሉ ጋር በዕረፍት ሰዓት ቦታ ይቀያየራል። ማንም ሳያዝ ነው የሚሆነው።

ሲጋራ ውስጥ አይጨስም። ስድብም አይፈቀድም። በተለይ የተጫዋች እናት ያነሳ ሰው የከፈለው ብር ተመልሶለት ይወጣል። ሲወጣ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ታናሽ እህቴን ይዤ የምገባው። እሷ የአርሴ፣ የአርሴናል፣ ደጋፊ ናት፤ እዚያ ቤት ብዙ ሴቶች ኳስ ያያሉ፤ ሰው ዞር ብሎ የሚያያቸው እንኳን የለም። ሌላ ቤት እንዲህ እንደልቧ ስትቀመጥ አላየሁም።

ከሁሉም የምወደው ግን ሰሌዳዋን ነው። በሩ አጠገብ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለች። ጋሼ የዕለቱን ጨዋታ በጠመኔ ይጽፉባታል። እዚያ የተጻፈ ጨዋታ አይቀየርም። ይሄን የምለው ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ስለደረሰብኝ ነው። ማንቼ (ዩናይትድን እንዲህ ነው የምንለው) 2 ለ 0 ተመርቶ ዕረፍት ይወጣል፣ ባለቤቱ ብድግ ይልና "ይሄ ምኑ ይታያል" ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ያዞረዋል። ከፍለህ የገባህበትን ቡድን ሽንፈቱን እንኳ እስከ መጨረሻ ማየት አትችልም። ጋሼ ቤት እንዲህ የለም። እንኳን 2 ለ 0፣ የካቲት 26 ቀን 2015 ሊቨርፑል 7 ለ 0 ሲያሸንፈን እስከ መጨረሻው ፊሽካ አሳይተውናል። እኔ በአምስተኛው ጎል ልወጣ ብድግ ስል ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ቁጭ በል ልጄ፤ አብሽር። ቡድን እኮ ሲያሸንፍ ብቻ አይታይም" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ቁጭ ማለቴን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ጋሼ ራሳቸው የእንግሊዝ ቡድን ደጋፊ አይደሉም። ኳስን ይወዳሉ፣ በቃ። ወልድያ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ በነበረ ጊዜ ሚኒባስ ተከራይተው ሰፈሩን ይዘው ወደ ወልድያ ይወጡ ነበር። በጥር 2009 የተመረቀውንና 25,155 ሰው የሚይዘውን ስታዲየም መጀመሪያ ያየሁት ከእሳቸው ጋር ነው። ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ሲዘፈን ተሄደ፣ ሲዘፈን ተመለሰ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን፤ ጋሼና እትዬ ግን አልወጡም፤ የእትዬ እናት አልጋ ላይ ነበሩ። ከተማዋ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በዚያ ሁኔታ ቆየች። ስመለስ ኳስ ቤቱ ባዶውን ነበር። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ዲሹ የለም፣ አግዳሚዎቹ ለማገዶ ሄደዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የተጫዋች ፎቶዎች ብቻ ቀርተዋል።

በእነዚያው ሳምንታት ዩናይትድም በጊዜያዊ አሰልጣኝ እጅ ነበር። አሰልጣኙ ሶልሻየር ኅዳር 12 ተሰናበተና ማይክል ካሪክ ሦስት ጨዋታ መራ። ቪያሪያልን ከሜዳው ውጭ 2 ለ 0፣ ከቼልሲ 1 ለ 1፣ አርሴናልን 3 ለ 2። አንድም አልተሸነፈም። የአርሴናሉ ጨዋታ እንዳለቀ፣ በዚያው ምሽት፣ ክለቡን ተሰናብቶ ወጣ። እኛ ደሴዎች እነዚህን ሦስት ጨዋታዎች አላየናቸውም። እኔ ውጤቱን የሰማሁት ደብረ ብርሃን፣ ዘመድ ቤት፣ ከሰው ስልክ ላይ ነው፤ ደስታም ሐዘንም ሳይሰማኝ አለፈ። ጋሼ ቤት የነበርነው የማንቼ ልጆች ካሪክን አመስግነነው አናውቅም። የምናመሰግንበት ቤት ራሱ አልነበረም። ይሄ ነገር ውስጤ ቀርቶ ነበር። ሩድ ሲመጣ ለምን እንዲያ እንደሆንን የሚያስረዳው ይሄ ይመስለኛል።

ጋሼ ቤቱን መልሰው የከፈቱት ከዘመድ በተዋሱት አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነው። ብሎኬት ደርድረው ጣውላ አጋደሙበት። የመጀመሪያውን ሳምንት ገንዘብ አልተቀበሉም። ከዚያ ሰዉ ራሱ እያዋጣ፣ እሳቸውም እየተበደሩ፣ ቀስ በቀስ ዛሬ ያለው ሆነ።

ወደ 2017 እንምጣ። ማንቼ የወደቀበት ሰሞን ነበር። ጥቅምት 17 ዌስትሃም በመጨረሻው ሰዓት በተሰጠ ሪጎሬ (ፍጹም ቅጣት ምት) 2 ለ 1 አሸነፈን። በማግስቱ አሰልጣኙ ኤሪክ ቴን ሃግ ተሰናበተ። 14ኛ ነን። በ9 የሊግ ጨዋታ ያገባነው 8 ጎል ነው። ብሩኖ ፈርናንዴዝ፣ ያ ሁሉ ጎል ያገባ ሰው፣ በሊጉ አንድም አላገባም። ቤቱ ውስጥ የማንቼ አግዳሚ የምንለው የግራው ረድፍ ሳስቶ ነበር። ሮቢት ሰፈር ያሉት ልጆች መምጣት አቁመዋል፣ የሆጤዎቹም እንዲሁ። ሰው በሰው ደስታ መሐል ዝም ብሎ መቀመጥ ይሰለቸዋል።

በዚህ መሐል ነው ሩድ ቡድኑን ያዝ የተባለው። ምክትል ሆኖ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው። የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ግን ሩድን የሚያውቀው በአሰልጣኝነቱ አይደለም። ከ1993 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በ219 ጨዋታ 150 ጎል ያገባልን አጥቂ ነው። ፉልሃም ላይ በመጋቢት 1995 ከሜዳው መሐል አካባቢ ተነስቶ፣ ሰውን ሁሉ አልፎ ያገባትን ጎል በቪዲዮ ቤት እየደጋገምን ያየን ልጆች ነን። ጋሼ ግድግዳ ላይ ከዘረፋው ከተረፉት ፎቶዎች አንዱ የእሱ ነበር። 10 ቁጥር ለብሶ፣ አፉን ከፍቶ ሲሮጥ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ረቡዕ ጥቅምት 20 ነበር። የካራባኦ ዋንጫ፣ ከሌስተር ሲቲ ጋር፣ ምሽት 4:45። ማንም ቤት አይከፍትም። መሽቷል፣ ብርድ ነው፣ ዋንጫው ትንሽ ነው፣ ቡድኑ ወድቋል። ጋሼ ጋ ስደርስ ሰሌዳዋ ላይ ተጽፏል። ውስጥ የነበርነው ከ20 አንበልጥም። እትዬ እንኳ ቡና አፍልተዋል። ካሴሚሮ በ15ኛው ደቂቃ ከሩቅ የመታት ኳስ መረቡ ውስጥ ስትገባ ያ ሃያ ሰው የመቶ ሰው ድምፅ አወጣ። ጋርናቾ ጨመረ። ብሩኖ አገባ። ካሴሚሮ ደገመ። ዕረፍት 4 ለ 2። ከዕረፍት በኋላ ብሩኖ አምስተኛዋን አስገባ። 5 ለ 2! ሀቂቃ፣ አምስት ጎል ማየት እንዴት እንደሆነ ረስተነው ነበር። ስታዲየሙ የሩድን ስም እየጠራ ይዘምራል፤ እኛም በቆርቆሮው ሥር አብረን "ሩድ" እያልን ጮኽን። ጎረቤት የሚኖሩ አንዲት እናት በማግስቱ "ምን ሆናችሁ ነው ልጆቼ፣ ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ" ብለውናል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 22፣ ሩበን አሞሪም አሰልጣኝ እንደሆነና ኅዳር 2 ሥራ እንደሚጀምር ተነገረ። ስለዚህ ሩድ ለጊዜው መሆኑን እሱም እኛም አወቅን። ከዚህ በኋላ ቢያሸንፍም ሥራው የእሱ አይሆንም። እሱ ግን ክለቡን በማንኛውም ቦታ ለማገዝ እንደሚፈልግ ተናገረና ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ይሄ ነው የነካኝ።

የቼልሲው ጨዋታ እሑድ ምሽት 1:30 ነበር። ቤቱ ሞልቷል። የሮቢት ልጆች ተመልሰዋል። ጨዋታው ከባድ ነበር። ወደ 70ኛው ደቂቃ ገደማ የቼልሲ በረኛ የእኛን ሆይሉንድን ጠለፈና ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ። ብሩኖ ኳሱን አስቀመጠ። መብራት ሄደ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ወደ ጄነሬተሩ ሮጡ። የአንዱ ልጅ ስልክ "ጎል!" አለችና ግማሹ ዘለለ፣ ግማሹ "ውሸት ነው" አለ። ጄነሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አስነጠሰ። ምስሉ ሲመለስ 1 ለ 0 ይላል። ገና ተቃቅፈን ሳንጨርስ ካይሴዶ አየር ላይ የነበረችን ኳስ መትቶ አገባ። የእኛን ጎል ሳናይ የእነሱን አየን። 1 ለ 1 አለቀ። ስንወጣ ጋሼ በር ላይ ቆመው 20 20 ብር ይመልሳሉ። "አይመለስ" ቢባሉ አልሰሙም። "የሸጥኩላችሁ 90 ደቂቃ ነው፤ አልሞላም" አሉ። የቼልሲ ደጋፊዎቹም ተመለሰላቸው፤ እነሱ ጎላቸውን አይተው እንኳ። አብዛኛው ሰው ብሩን ወስዶ እትዬ ረከቦት ላይ አስቀምጦ ነው የወጣው።

ሦስተኛው ሐሙስ ጥቅምት 28 ነው። የኢሮፓ ሊግ፣ ከግሪኩ ፓኦክ ጋር። የሚጀምረው ምሽት 5 ሰዓት ነው፤ የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ። በእኛ ከተማ ያን ሰሞን በዚያ ሰዓት መንቀሳቀስ ቀላል አልነበረም፤ ባጃጅም በጊዜ ይገባል። ጋሼ ቀን ላይ ሰሌዳዋ ሥር አንድ መስመር ጨመሩ። "ሩቅ ያለ ብርድ ልብስ ይዞ ይምጣ፤ እስኪነጋ አይወጣም።" ወላሂ፣ ሰው ብርድ ልብስ ይዞ መጣ! እኔ የእናቴን ጋቢ ተሸክሜ ሄድኩ። እናቴ ራሷ "ጋሼ ጋ ከሆነ እሺ" ብላ ነው የፈቀደችው።

በሩ ከውስጥ ተዘጋ። ድምፁ ዝቅ ተደረገ። ሰፈሩ እንዳይረበሽ በሹክሹክታ ነው ያየነው። ማንቼ በአውሮፓ መድረክ ካሸነፈ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከዕረፍት መልስ አማድ ዲያሎ በጭንቅላቱ አገባ። ሠላሳ ሰው አፉን በጋቢ ሸፍኖ ሲዘል አስቡት። በ77ኛው አማድ ደገመ፤ ኳሱን ራሱ ቀምቶ በግራ እግሩ ጠምዝዞ። ይሄ ልጅ ያን ሰሞን ብዙ ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ነበር። ሩድ አምኖ አሰለፈው፣ እሱም ከፈለው።

ከዚያ ተኛን። ማለት፣ ጋደም አልን። አግዳሚ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ። እትዬ ከሰሉን አውጥተው ብርድ ልብስ ጨመሩልን። ስለ 150ዎቹ ጎሎች፣ ስለ ቪዲዮ ቤቶቹ፣ ደሴን ለቀን ስለወጣንበት ጊዜ ተወራ። አንዱ ልጅ ስለ ካሪክ አነሳ። "እሱን አላየነውም አይደል" አለ። ማንም አልመለሰለትም። ንጋት ላይ አዛኑም ቅዳሴውም ሲሰማ ጋሼ በሩን ከፈቱ።

የመጨረሻው እሑድ ኅዳር 1፣ ቀን 11 ሰዓት፣ እንደገና ከሌስተር ጋር፣ በሊጉ። ቤቱ ጢም ብሎ ሰው በመስኮት ያያል። ብሩኖ በ17ኛው ደቂቃ አገባ። ሁለተኛው የሌስተር ተከላካይ በራሱ ላይ ያስገባት ናት። በ82ኛው ጋርናቾ ከሩቅ ጠምዝዞ ዘጋው። 3 ለ 0። ፊሽካው ሲነፋ ሰው አልወጣም። ሩድ ሜዳው ላይ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አቀፈ፣ ወደ ደጋፊው ዞሮ አጨበጨበ። ጋሼ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ለቴሌቪዥን አጨበጨበ። የአርሴና የሊቨር ልጆችም ቆሙ። በማግስቱ አሞሪም ገባ፤ ሩድም ያንኑ ቀን ተሰናበተ።

በአራት ጨዋታ ሦስት ድል፣ አንድ አቻ፣ 11 ጎል አግብቶ 3 ተቆጠረበት። ቁጥሩ ይሄ ነው። አንዳንዶች "ሌስተርን ሁለቴ አሸነፈ፣ ታዲያ ምን አለበት?" ይላሉ። እውነት አላቸው። ያሸነፋቸው ተጋጣሚዎች ቀላል ነበሩ። በአሰላለፍም ብዙ አልለወጠም። እኔ ታላቅ አሰልጣኝ ነው እያልኩ አይደለም። በኋላ ራሱ ሌስተርን ይዞ ተቸግሯል፤ ሌስተርም በዚያው ዓመት ከሊጉ ወርዷል። አሞሪምን ጥፋተኛ ለማድረግም አልጻፍኩም፤ ቡድኑ ያን ዓመት 15ኛ ሆኖ ሲጨርስ ችግሩ ከአንድ ሰው በላይ እንደነበር አይተናል።

እኔ የማመሰግነው ሌላውን ነው። ፊተኛው ረድፍ ላይ ሁሌ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ፤ አባባ ነው የምንላቸው። ኳስ የሚያዩት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነው። ያን እሑድ ስንወጣ "ይሄ ሰውዬ ባላደራ ነው" አሉን። "የሰው ቤት ጠብቅ ተባለ፣ ጠበቀ፣ ጠርጎ አስረከበ።" ጋዜጣው ጊዜያዊ አሰልጣኝ ይላል። እኛ ሰፈር ከዚያ ቀን ጀምሮ ባላደራው ነው የሚባለው። ቤቱ የእሱ እንደማይሆን እያወቀ እንደ ራሱ ቤት ሠራበት። ያ ሳስቶ የነበረው አግዳሚያችን የሞላው በዚያ ምክንያት ነው። የሮቢት ልጆች ከዚያ ወዲህ አልቀሩም፤ ብንሸነፍም ይመጣሉ።

ስለ ቤቱ ጉድለት ሳልናገር ማለፍ ተገቢ አይደለም። ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ፤ ከኋላው የሚቀመጥ ሰው ግማሹን ሜዳ አያይም። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ግቡና በግራ በኩል ያዙ። ዝናብ ወይም በረዶ ከጣለ ቆርቆሮው የኮሜንታተሩን ድምፅ ይውጠዋል። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ አንድ ነው፣ ማታ መብራት የለውም፤ የስልካችሁን ባትሪ ቆጥቡ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በሩ ነው። መቶ ሰው የሚይዝ ቤት አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው ያለው። የሆነ ነገር ቢፈጠር፣ እሳት ቢነሳ፣ እንዴት ይወጣል? ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። በጓሮ በኩል ሁለተኛ በር ሊያወጡ አስበዋል፣ ገንዘብ አንሷቸው ነው። የማንቼ አግዳሚ መዋጮ ጀምሯል፤ ይህን የምታነቡ የሰፈሩ ልጆች ኑና ጨምሩበት። ጄነሬተሩ ግን ተቀይሯል፤ አሁን መብራት ሲሄድ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዓመት ጥር 30 ቀን፣ አርብ፣ ምሽት 5 ሰዓት፣ በኤፍኤ ካፕ ዩናይትድ በሜዳው ኦልድትራፎርድ ላይ ከሌስተር ጋር ተደለደለ። ሩድ በእንግዳው ወንበር ሊቀመጥ ነው። ቀን ላይ በዚያ ሳልፍ ሰሌዳዋን አየሁ። ጋሼ "ዩናይትድ ከሌስተር" አላሉም። "ዩናይትድ ከሩድ" ብለው ጽፈዋል።

ማታ ብርድ ልብሳችንን ይዘን ገባን። ሌስተር መጀመሪያ አገባ። እኛ አግዳሚ ላይ የተቆጣ ሰው አላየሁም። ዚርክዚ አቻ አደረገ። ከዚያ በባከነው ሰዓት ማጉዋየር በጭንቅላቱ አገባ። ጮኽን፤ ከዚያ ድጋሚውን ሲያሳዩ ዝም አልን። ኦፍሳይድ (ከጨዋታ ውጭ) ነበር፤ በግልጽ። በዚያ ዙር ቪኤአር፣ ማለት በቪዲዮ የሚፈትሽ ዳኛ፣ አልነበረም፤ ጎሉ ጸና። 2 ለ 1 አሸነፍን። ሩድ በኋላ በፈርጊ ሰዓት (በቀድሞው አሰልጣኝ ፈርጉሰን ዘመን ዩናይትድ እያገባ ያሸንፍባት በነበረችው የመጨረሻ ደቂቃ) ሳይሆን በኦፍሳይድ ሰዓት እንደተሸነፉ ተናግሯል። ካሜራው ፊቱን ሲያሳይ አባባ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና "አይ ልጄን" አሉ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁላችንም፤ ለማን እንደምናጨበጭብ ማንም አልጠየቀም።

ጠዋት ስንወጣ ጋሼ የቅዳሜውን ጨዋታ ሊጽፉ ጠመኔ ይዘው ሰሌዳዋ ፊት ቆመዋል። ጨርቁ በእጃቸው አለ። ትንሽ አሰቡና የማታውን ጽሑፍ እንዳለ ትተው አዲሱን ከሥሩ ጻፉት።